ከኋለኛው ስፒከር የመጣው ድምፅ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ ለአምሀ፤ ጆሃንስበርግ

ወንድሜ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ስትወጣ የሚያምህ ጉልበትህ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም እያነከስክ ነው ሱቅ የምትከፍተው? ቤዛስ እንዴት ናት? እግሯ አብጧል ካልከን ወዲህ እማዬ በጸሎቷ ሁሉ ስሟን ታነሳለች፤ እርግዝናው ገፍቶ ይሆናልና ከባድ ዕቃ እንዳታነሳ ንገራት። የዚያ አገር ብርድስ ረገበ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን። የእማዬ ስኳር ወርዷል። ዓይኗም ከታከመች በኋላ ጠርቶላት የግቢውን በር ማን እንደከፈተ ከበረንዳ ትለያለች። እኔም ትምህርት ስለተጀመረ ከተማሪዎቼ ጋር ስጮህ እውላለሁ።

በስልክ «ሆም ቴአትሩ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ጥሩ ነው» ብዬ ወሬ የማስቀይርህ አለምክንያት አይደለም። እማዬ ስደውልልህ ከአጠገቤ አትጠፋም፣ ነገሩ ደግሞ እሷ እየሰማች የሚወራ አይደለም። ለእህቱ ሰርግ መጥቶ የነበረው ጓደኛህ ወደ እናንተ ሊመለስ ስለሆነ በእጁ ይህን ላኩልህ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

የላክህልን ዕቃ በደረሰን ሰሞን ራምዚን ጠራሁት። ታስታውሰዋለህ፣ መናኸሪያው አጠገብ ቴሌቪዥን የሚጠግነውን። አምፕሊፋየሩን፣ አምስቱን ስፒከር፣ ያን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣውን ትልቁን ዉፈርና ገመድ አልባውን ማይክ አውጥቶ ሳሎን ወለል ላይ ሲደረድራቸው እማዬ «ይህ ሁሉ ለእኔ ለአንዷ አሮጊት ነው?» እያለች ሳቀች። ቴሌቪዥኑን አንተ እንዳልከው ከመስኮቱ ትይዩ አነሳነው፤ ብርሃን እያረፈበት የሰው ፊት ሁሉ ጥላ ይመስል ነበር። ዝቅ አድርገንም እማዬ ስትቀመጥ ዓይኗ ከመካከሉ ጋር እንዲገጥም አደረግን። ቀለሙ ሱቅ ውስጥ ለገዢ እንደሚያበሩት የሚያጥበረብር ነበር፤ ራምዚ በሪሞቱ ለፊልም የሚሆነውን መርጦ ሲያለዝበው የሰው ቆዳ የሰው ቆዳ መሰለ።

ድምፁ ነው ያስቸገረን። ዉፈሩን ጥግ ላይ ብናቆመው ቤቱን እንደ ከበሮ አስጮኸው፣ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ከጥጉ አውጥተን ወደ ፊት ስናመጣው ረጋ። ምንጣፍ አነጠፍን፣ ወፍራሙን መጋረጃ ሰቀልን፣ ራምዚም እያጨበጨበ ግድግዳው ድምፅ መመለሱን እንደተወ አረጋገጠ። የኋላዎቹን ሁለት ስፒከሮች ከሚቀመጠው ሰው ጆሮ ከፍ አድርጎ በጓሮው መስኮት ግራና ቀኝ ሰቀላቸው። በመጨረሻ አምስቱም ድምፅ እኩል የሚገናኝበትን ቦታ በሜትር ለክቶ ወለሉን በጫማው መታ መታ አደረገና «ምርጡ ወንበር እዚህ ነው» አለ።

እማዬ ሳቋ ቆመ። ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ምንጣፉን ገለጥ ሳደርገው የአባዬ ወንበር አራት እግሮች የፋቁት ምልክት ሊሾው ላይ አለ። እሱ ከሞተ በኋላ ማንም እንዳይቀመጥበት ብላ ወደ ዕቃ ቤት ያስገባችውን ወንበር በዚያው ቀን አስወጥታ፣ ጠርጋ፣ እዚያው ምልክቱ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ከእሷ በቀር የተቀመጠበት የለም።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ፊልም እያየን ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ፊልሙ ላይ ሙዚቃው ቆሞ አንዲት ሴት ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትራመድ፣ ከኋላዬ ሰው ተነፈሰ። ከማጅራቴ ሥር ያለ ያህል ነበር፤ የደከመ ሰው ትንፋሽ፣ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ። ዞር ብዬ ሳይ መጋረጃው ብቻ ነው። የፊልሙ ነው ብዬ ሪሞቱን ተጫንኩና አቆምኩት። ሴትየዋ እግሯን እንዳነሳች ቀረች። ትንፋሹ ግን አልቆመም። ከቀኙ የኋላ ስፒከር ውስጥ አንድ ሁለቴ አሳለና በሹክሹክታ «ሰው...» አለ። እማዬ ዞራ እንኳ አላየችም። ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል «ዝም በይ፣ አታባርሪው» አለችኝ።

አምሀ፣ አንተ የአባዬን መጨረሻ አላየህም። ሳንባው ካለቀ በኋላ ድምፅ አልነበረውም፤ በትንፋሽ ነበር የሚያወራን። ያው ድምፅ ነበር። ሌላ ምን ብዬ ልጻፍልህ?

በማግስቱ ራምዚን አስመጣሁት። ሬዲዮ ጠልፎ ይሆናል ብሎ እየሳቀ ገባ። ገመዱን ለወጠ፣ ፊልሙ ያለበትን ፍላሽ ነቀለ፣ ቴሌቪዥኑን ጨርሶ አጠፋና አምፕሊፋየሩን ብቻ አበራው። ዉፈሩ ትንሽ ጓጎረና ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ያው ድምፅ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ከታች ነኝ» አለ። ራምዚ «ቢስሚላህ» ብሎ ሶኬቱን ነቀለው። ሻዩን ሳይጠጣ ሲወጣ፣ «ሀሴት፣ ይህን ነገር ለጊዜው ባታበሩት» አለኝ። ሶኬቱን እንደተነቀለ ተውኩት።

እማዬ ግን አልተወችውም። በማግስቱ ከተማሪ ምዝገባ ስመለስ ገና ከበሩ ሳልደርስ ድምፅዋ ሰፈሩን ሞልቶታል። ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ የአባዬ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስለ አንተ ትነግረዋለች፣ ሱቅ እንደከፈትክ፣ ልጅ እንደምትጠብቅ። እኔ ስለ ምን እንዳላገባሁም ትነግረዋለች፤ ለእሷ ማን እንደነገራት እንጃ። ቀጥላም «ነፍስህ ስትወጣ ሙቅ ላመጣልህ ብዬ ማድቤት ነበርኩ። ስመለስ አልቆየኸኝም። ያ ከሆዴ አይወጣም፣ ይቅር በለኝ» አለችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ከዚያ ከኋላ «አይዞሽ... አለሁ» የሚል መጣ። ጥቂት ቆይቶም «በርዶኛል» አለ።

እማዬ ያንን ስትሰማ ተነስታ የአባዬን ጋቢ ከሳጥን አወጣች። እንዳትሄድ ለመንኳት፣ እንቢ አለች። በዚያ ዝናብ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ባጃጅ ይዘን ሄድን። ጋቢውን መቃብሩ ላይ ዘርግታ፣ ጠርዝ ጠርዙን ልጅ እንደምታለብስ እየወተፈች ድንጋይ ጫነችበት። ውሃው ወዲያው አራሰው። እኔ ጃንጥላ ይዤ ከኋላዋ ቆሜ፣ እናቴን ላጣት ነው አልኩ በልቤ፤ ሰው ሳይሞት እንዲህ ነው የሚታጣው ብዬ።

በማግስቱ ራሷ አበራችውና «አሁን ሞቀህ?» ብላ ጠየቀችው። «በርዶኛል» አለ፤ ከትናንቱ ያነሰ፣ የተቆራረጠ ድምፅ ነው። እማዬ ማልቀስ ስትጀምር ማይኩን ተቀበልኳት። ምን እንደምለው ሳላውቅ «ማነህ?» አልኩ። ጮኼ ነበርና ስፒከሩ አንባረቀው። ያን ጊዜ ያላሰብኩትን ሰማሁ። ትንፋሹ ካለበት ቦታ፣ ከዝናብና ከእንሰት ቅጠል ድምፅ መካከል፣ የራሴ ጩኸት ከሩቅ ተመልሶ መጣ። «ማነህ?» የሚለው የእኔው ነው፣ ግን ከውጭ የተሰማ፣ በመስኮታችን በኩል ወጥቶ ሌላ ቦታ የደረሰ። እንደገና ጮህኩ፤ እንደገና ተመለሰ። የዚህ ድምፅ ባለቤት ቤታችንን ይሰማል ማለት ነው። ከምድር በታች ይሁን ከየት አላውቅም፣ ቅርብ ነው።

ራምዚ ጋ ደወልኩ። የሰማሁትን ሁለቴ አስደገመኝ። ከዚያ «የናንተ አምፕሊፋየር የሌላን ማይክ ድምፅ ሊቀበል ይችላል፣ ቻናላቸው አንድ ከሆነ» አለኝ። «እዚያ ሰፈር ማይክ ያለው ማነው?» ስለው ራሱ መልሶ ጮኸ፤ «ጋሽ ባልቻ! ለልጃቸው ለሚስጥር የሸጥኩላት እኔ ነኝ!» አለ።

ጋሽ ባልቻ ከጓሯችን ግንብ ማዶ ያሉት፣ የስፖርት አስተማሪያችን የነበሩት ናቸው። አንተ ከሄድክ በኋላ ጉሮሯቸውን ታክመው ድምፃቸው ጠፋ። ልጃቸው ወልቂጤ ስለምትሠራ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እንግዳ ሲመጣ እንዲሰማቸው ደረት ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ገዝታላቸዋለች። ስልክማ ድምፃቸው ከሄደ ወዲህ ትተውታል። በፍልሰታ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወልቂጤ ሚስጥር ጋ እንደሚሄዱ በእጃቸው ምልክት ነግረውን ተሰናብተውናል። በራቸው ተዘግቶ ስናይ ሄዱ አልን። ሚስጥር ደግሞ ዝናቡ አስቀራቸው ብላለች።

ራምዚ ሮጦ መጣና ግንቡን በመሰላል ተሻገርን። ጓሯቸው ውስጥ፣ ተጀምሮ የቀረ የውሃ ጉድጓድ አለ፤ ከእኛ መስኮት ሥር ማለት ይቻላል። የከደነው ሳንቃ በዝናብ በስብሶ ተሰብሯል። ራምዚ በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ ሲያበራ ጋሽ ባልቻ ከግድግዳው ተደግፈው ጭቃ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ተከፍቷል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ አንዲት ቃል ግን እላይ አትደርስም። ከኋላችን ከቤታችን መስኮት ነው የሰማናቸው። «መጣችሁ?» አለ ስፒከሩ።

ጎረቤት ተጠርቶ በገመድ ወጡ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል፤ የዝናቡን ውሃ በእጃቸው እየጠለቁ ነው የቆዩት። እዚሁ ሆስፒታል ሰንብተው ሚስጥር ወደ ወልቂጤ ወሰደቻቸው። ከመሄዳቸው በፊት እማዬ ሾርባ ይዛ ስትጠይቃቸው አብሬያት ነበርኩ። ባትሪው እንዳያልቅ ማይኩን የሚከፍቱት የቤታችን ድምፅ ሲሰማቸው ብቻ እንደነበር ነገሯት። ቀጥለውም «እየደጋገመ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አንቺ ስታወሪ ግን መልስ የሚጠብቅ ሰው አለ ብዬ እነቃለሁ። ለባልሽ የተባለውን መስማቴ ደግ አልነበረም፤ አይዞሽ ያልኩሽ ሌላ የሚመልስልሽ ስለሌለ ነው» አሏት። እማዬ እጃቸውን ስማ «ድነዋል፣ ይበቃኛል» አለቻቸው። ይኸው አለቀ ብዬ ነበር።

ከሆስፒታሉ ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ጉልበቴን ነካ አድርጋ «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትፈሪ» አለችኝ። ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው እኔ በሰማሁበት ቀን አይደለም። በፍልሰታ ዋዜማ፣ እኔ ገበያ ሄጄ ሳለ፣ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ አምፕሊፋየሩ በርቶ ኖሮ፣ ከዚያው ከቀኙ ስፒከር «ሎሚዬ» ብሎ ጠራት። አንዴ ብቻ። አምሀ፣ ጋሽ ባልቻ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን አብረውን ቆመው አስቀድሰዋል፤ የዚያን ቀን ገና ጉድጓድ ውስጥ አልገቡም። «ሎሚዬ» የሚለውንም እኔ ልጇ እስከዛሬ አላውቅም ነበር። አባዬ እጮኛዋ ሳለ ያወጣላት ስም ነው አለችኝ፣ ሰው ፊት ጠርቷት አያውቅም። ባጃጁ ጭቃ ውስጥ እየዋለለ ቤት ደረስን።

ባለፈው ሰሞን ራምዚ መጥቶ የማይኩን ቻናል ቀየረልን፤ ከእንግዲህ የማንም ጎረቤት ድምፅ እንዳይገባ። ድምፁንም እንደ አዲስ አስተካከለ፤ አሁን ዝናብ የሚዘንብበት ፊልም ሲታይ ጣሪያው የሚያፈስ ይመስልሃል፣ እጅህን ብሩክ ያድርገው። እሱ ከሄደ በኋላ እማዬ ወንበሯ ላይ ሆና «አሁን ከውጭ የሚገባ የለም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለም፣ እማዬ» አልኳት። ቀና ብላ የቀኙን ስፒከር አየችና፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ «እሱ ግን ቻናሉ መቀየሩን በምን ያውቃል?» አለች።

እሷ ለጸሎት ስትነሳ የቻናሉን ቁልፍ ወደ ቀድሞው መለስኩት። ለራምዚ አልነገርኩትም፣ ለእሷም አልነገርኳት። አሁንም ከትምህርት ቤት ስመለስ የአምፕሊፋየሩን መብራት በርቶ አገኘዋለሁ። እሷ ወንበሯ ላይ፣ እኔ ሶፋው ላይ ሆነን፣ ፊልሙ ላይ ሙዚቃው ሲቆም ሁለታችንም መተንፈስ እናቆማለን።

እማዬ ጉልበትህን በሙቅ ውሃ ያዘው ብላለች፤ ለቤዛም በሰላም ያገላግልሽ በያት ብላለች። ራምዚ ሰላም ብሎሃል። ጋሽ ባልቻ በሚስጥር ስልክ «ሰላም በሉት» ብለው ጽፈውልሃል፣ መራመድ ጀምረዋል። ለሱቅ ጎረቤቶችህና አብረውህ ለሚኖሩት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ስትደውል ግን ስለዚህ ነገር እንዳታነሳ፤ ስለ ጤናዋ ብቻ ጠይቃት።

የምትወድህ እህትህ
ሀሴት

ቡታጅራ፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም.