ያልተቆረጠው ዋሽንት

ለእህቴ ለአማረች፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የደም ግፊት መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ ትወስጃለሽ? ሁለተኛውን ክትባትስ ተከተብሽ ወይስ አሁንም ነገ ዛሬ እያልሽ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለሁለት ወር ብዬ መጥቼ በኮሮና ምክንያት ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ እንጂ ልጄ ዕፀገነት ምንም አላጎደለችብኝም።

አሁን ወዳዘዝሽኝ ጉዳይ ልምጣ። ልጅሽ ደሳለኝ መዝሙር የሚነፋበትን የአባቱን የሀቢሶን ዋሽንት በዳንስ መድረክ ላይ ከነፋበት፣ ተቀብዬ እንድልክልሽ ነግረሽኝ ነበር። መጋበዙን ከነገረሽ ከኅዳር ወዲህ ስልኩን እንደማታነሺለትም አውቃለሁ። ስለዚህ ያየሁትን በቅደም ተከተል እጽፍልሻለሁ።

የጋበዘችው ኖምሳ የምትባል የሶዌቶ ልጅ ናት። ክሊፕታውን ሰፈር ካለው ሱቁ ዳቦ ልትገዛ መጥታ፣ ለሌባ ከታጠረው የሱቁ ሽቦ ጀርባ ሲነፋ ሰማችው። ሙዚቃዋን የምትሠራው በኮምፒውተርና ቁልፍ በበዛበት ማሽን ነው። «ማይ ፍሬንድ፣ ይህን ይዘህ ዳቦ ትሸጣለህ?» አለችው አሉ። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ በእንግድነት አብሯት እንዲነፋ ጠየቀችው።

ከፌስቲቫሉ ሁለት ቀን በፊት ልምምዳቸውን ሄጄ አየሁ። አልገጠመም። የማሽኑ ድምፅ ከዋሽንቱ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ዋሽንት ደግሞ እንደ ክራር አይቃኝም፣ ርዝመቱ የሰጠውን ድምፅ ይዞ ይኖራል። እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልጻፍልሽ። ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝና መፍትሔው ወዲያው ታየኝ። ማስመሪያ አውጥቼ ለካሁ፣ ከአፉ በኩል ሁለት ሳንቲሜትር ላይ በእርሳስ አሰመርኩና እዚህ ጋ ቢቆረጥ ድምፁ ከፍ ብሎ ይስተካከላል አልኩት። ደሳለኝ ዋሽንቱን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደ። «አጎቴ፣ የአባቴ ከንፈር ያረፈው እኮ እዚያ ላይ ነው። ካልገጠመ ይቅር፤ ሱቄን እከፍታለሁ» አለኝ። ዋሽንቱን በጨርቁ ጠቅልሎ ሊሄድ ተነሣ።

ኖምሳ ቋንቋችንን ባትሰማም እርሳሱን አይታ ነበር። ሳቀችና በእንግሊዝኛ «ማሉሜ፣ ሸምበቆውን ተወው፤ ማሽኑ ይወርዳል» አለችኝ። ማሉሜ በዙሉ አጎት ማለት ነው። አንድ ቁልፍ አዞረች፤ ሙዚቃዋ ሁሉ ዝቅ ብሎ ከሀቢሶ ዋሽንት ጋር እኩል ሆነ።

ቅዳሜ የካቲት 26 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋ። ወደ ሜዳው ሰው የገባው በቁጥር ነው፤ ሁሉም ጭምብል አድርጓል። አንድ ጥበቃ መድረኩ ሥር ቆሞ ደሳለኝን ጭምብልህን አድርግ እያለ በእጁ ቢያሳየው፣ ከፊት የቆሙት በአፍንጫው ይንፋ እንዴ ብለው ሳቁበት። ሰዉ ጨፍሯል፣ የቢራ ድንኳንም ነበር፤ አልደብቅሽም። የነፋው ግን መዝሙር አልነበረም። መዝሙሩ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ እዚህ አላወጣውም ብሎኝ ነበር። የነፋው፣ አንቺ ጓሮ እንሰት ስትፍቂ፣ በባህላችን ወንድ ወደ ሥራው አይቀርብምና ሀቢሶ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ይነፋልሽ የነበረውን ዜማ ነው። ሰባት ደቂቃ ነፋ። ከመድረክ እንደወረደ፣ እማዬ ብትሰማው ታውቀው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ገና ሲጀምር ታውቀዋለች አልኩት።

አማረች፣ ዋሽንቱን አልተቀበልኩትም። ከእኔ ይልቅ እሱ ጋ በደህና ይቀመጣል፤ እኔ ልቆርጠው ነበርና። የእርሳሱን መስመር ላጥፋው ብል እማዬ ትየው ብሎ ከለከለኝ።

ለጎረቤትሽ ለካሳነሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ስለ እግሯ እየጸለይኩ ነው። የአለምወርቅንም መነጽሯን ሳታደርግ እንዳታነብ ንገሪያት። ደብዳቤው እስኪደርስሽ ጊዜ ሰጥቼ፣ ደሳለኝ እሁድ መጋቢት 18 በእናንተ አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንዲደውል ነግሬዋለሁ። አብራሽ ያለችውን ፍሬገነትን ሳሚልኝ፤ ቅዳሜ ማታ ስልክሽን ቻርጅ ታድርግልሽ። ማንሣቱ ግን ያንቺ ነው።

ወንድምሽ ምሕረቱ
ቤሪያ፣ ጆሃንስበርግ
መጋቢት 1 ቀን 2014 ዓ.ም.