ያልተቆረጠው ጥድ

ልጄ ዩንፌንግ፣ የአያቶችህ መንፈስ ይጠብቅህ፤ ሩዝህ አይጉደል። እኔ ደህና ነኝ። ጽሕፈትህ ግን ተዝረክርኳል፣ አስተካክል።

ጎርፍ የወሰደው ባለ ጣሪያ ድልድያችን እንደገና እየተሠራ ነው። በቅድመ አያትህ ዘመን ሲሠራ ዋናውን የጣሪያ ግንድ የሰጠው የእኛ ቤት ነበር። ዘንድሮም አናጢው ያንግ በተወለድክ ቀን የተከልንልህን ጥድ አይቶ፣ «ከዚህ የቀና የለም» አለ። እኔም ለመንደሩ ሁሉ አወራሁ።

ነገር ግን በልማዳችን የግንዱን ፊት ተሸክሞ ወደ ወንዙ የሚያወርደው ዛፉ የተተከለለት ልጅ ራሱ ነው፤ አንተ ደግሞ ለትምህርት ሩቅ ነህ። ጎረቤታችን ሜይጁ በሰው ፊት፣ «እትዬ፣ ልጅሽ በስልክ ይሸከመዋ!» ብላ አሳቀችብኝ።

ስለዚህ የእሷ ልጅ ሻንፉ፣ ያ ትምህርቱን ያቋረጠው፣ የራሱን ጥድ ተሸከመ። ግንዱ ጠማማ ነው፤ አናጢው ሲጠርበው ደከመ። ርችት ግን ተተኮሰለት። ሜይጁ ከጎኑ እየሄደች የትከሻውን አቧራ ታራግፍለት ነበር። እስከዚያች ሰዓት የቀናሁት በግንዱ መስሎኝ ነበር።

ጥድህ እንደቆመ ነው፤ ማንንም አላስነካም። ዕድሜ ይስጥህ፣ ብርድ አይምታህ። ድልድዩ ሲመረቅ ከቻልህ ና። ትከሻህ አቧራ ባይኖረውም ላራግፍልህ።

እናትህ