ጨርቅ የተወተፈበት ደወል

ልጄ ኢቢናቦ፣

አንጎላ ባሕር መሃል የቆምሽበትን የነዳጅ መቆፈሪያ ፈጣሪ በእጁ ይደግፍልኝ። እኛ እዚህ ቦኒ ደሴት ደህና ነን፤ ዝናቡ ግን ዓሣ የማጨስበትን ዳስ አፈረሰብኝ።

የመቆፈሪያውን አሮጌ መቆጣጠሪያ ከነአደጋ ደወሉ በአዲስ እየቀየርሽ እንደሆነ ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ነፍሱን ይማርና አጎትሽ ዳጎጎ ይሠራበት በነበረው መቆፈሪያ፣ የአደጋው ደወል በሆነ ባልሆነው ይጮህ ነበር። ሠራተኞቹ «ኧረ ይሄ ነዝናዛ!» ብለው ጨርቅ ወተፉበት። ጋዙ አምልጦ የፈነዳ ቀን ደወሉን ማንም አልሰማም፤ የአጎትሽን አስከሬን እንኳ አላገኘንም።

እባክሽ የኔ ልጅ፣ አንቺ የምትተክይው ደወል በከንቱ አይጩህ። ሰው ሲሰለቸው መስማት ይተዋል።

አንቺም ስልኬን ማንሳት የተውሽው ለዚህ ይመስለኛል። ፈጣሪ በሰላም መልሶ ያሳየኝ እንጂ፣ እሺ፣ ከእንግዲህ ለዝናቡም ለዳሱም አልደውልም። ስደውል ግን አንሺ።

እናትሽ ኢቦሮማ