ወንዛዬ አልሄድኩም

ወረታ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን

ይድረስ ለአበልጄ፤

እንዴት ከርመሽልኛል? ወገብሽስ ከአጨዳው በኋላ ቀና አለልሽ? ልጆቹ፣ ላሟ፣ ያቺ ርብ ወንዝ ሲሞላ ታቅፈሽ ያወጣሻት ጥጃ፣ ሁሉም አማን ናቸው? ውኃው ከደጃፋችሁ ሸሽቶ ሽምብራው ተዘርቶ ይሆናል። እምቦጩስ? ዘንድሮም የባሕሩን ዳር ዘግቶ የታንኳ ማስገቢያ እንዳያሳጣችሁ እሰጋለሁ። እኔ ጊዮርጊስ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እንደ ሰላምታ አትለፊው። ከራሴ እስከ እግር ጥፍሬ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደህና ነው፤ ድሮም ደህና ነበር።

ይኸው ወጣልኝ።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ኔትወርክ ሲገኝ አፌ ጠፋ፣ አፌ ሲገኝ ኔትወርክ ጠፋ። በኅዳር መጨረሻ ደውዬ ስለ ዶሮዎቼ ብቻ ጠይቄሽ የዘጋሁት ለዚህ ነው። አንቺም ስለ ዶሮዎቹ ብቻ መለስሽልኝ። ሁለቱ እንቁላል ጀምረዋል፣ አንዷን ሸለምጥማጥ በላት አልሽኝ። አሁን ወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፣ አምስተኛ ክፍል ላይ የተውኩት ነው፤ ያልገባሽን እየገመትሽ ሂጂ። በማንም አታስነብቢው፤ ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው።

አበልጄ፣ ወንዛዬ አልሄድኩም። አንድ ቀን እንኳ ፍል ውኃው ውስጥ እግሬን አልነከርኩም። በጥቅምት መጀመሪያ የሸኛችሁኝ ቀን ትዝ ሲለኝ ፊቴን የማደርግበት አጣለሁ። አንቺ በሶውን ጠቅልለሽ፣ ጎረቤታችን ይርዳው ሻንጣዬን በትከሻው ተሸክሞ እስከ ባጃጁ ድረስ ሸኛችሁኝ። ቄስ ኪዳነ ማርያም ደግሞ ጎንበስ ብለው መስቀላቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው «ውኃው ፈውስ ይሁንሽ ልጄ» አሉኝ። ቀኙ ላይ ነው ያሳረፉት። ያን ጊዜ የማነክሰው በግራ ስለነበረ መንገድ ላይ ወደ ቀኝ አዛወርኩት። ሳቂ ብዬ አይደለም የምጽፍልሽ፤ ብትስቂ ግን አልቀየምሽም። ባጃጁ ውስጥ ተቀምጬ ሁሉ እግሬን ስቤ ነበር የያዝኩት። ወረታ ስንደርስ የወንዛዬ መኪና ቆሞ ነበር። ረዳቱ ጠራኝ። አልፌው ሄድኩ፤ ሳላነክስ።

የሄድኩት ወደ ሩዝ ፋብሪካው ነው። ባለፈው ሰኔ ሴቶቹ ከነገለባው የቀቀልነውን ሩዝ ሊያይ የመጣ አንድ ሰውዬ እንደነበረ ነግረንሻል። አቶ ታደለ ይባላል፣ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነው። አንቺ ያን ቀን ቁሐር ሚካኤል ለቅሶ ሄደሽ ስለነበር እሱን አላየሽውም፣ እሱም አላየሽም። ከየአንዳንዳችን አንድ አንድ ጣሳ ወስዶ በመፈልፈያ አስፈለፈለው። የእኛ ሁሉ እየተሰበረ ሲወጣ ያንቺ እንደ ጥርስ ሙሉ ሙሉውን ወጣ። «ይኼ የማናት?» አለ። ሁላችንም ያንቺን ስም ጠራን። እኔ ከሁሉም በላይ ጮኼ ጠራሁ፤ ያን ጊዜ ቅናት የሚባል አልነበረኝም፣ ወይ ነበረኝና አላወቅሁትም። ስልክሽ ውኃ ገብቶት ስለነበረ የእኔን ቁጥር ጽፎ ሄደ።

በመስከረም መጨረሻ ደወለ። «ያቺ ሩዟ የማይሰበረው ሴትዮ ሰኞ ትምጣልኝ፣ የቀቃዮቹ ኃላፊ ላደርጋት ነው» አለኝ። እሺ፣ እነግራታለሁ አልኩት። ልነግርሽም ነው ከቤቴ የተነሳሁት፤ ለዚህ ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው። ደጃፍሽ ላይ ለታንኳ ደንገል ስትቆራርጪ አገኘሁሽ። ቀና ብለሽ «ምነው፣ ፊትሽ ምን ሆኗል?» አልሽኝ። «ጉልበቴን አሞኛል» አልኩሽ። መንገድ ላይ ያላሰብኩት ቃል ነው። «እና ምን ትጠብቂያለሽ፣ ወንዛዬ ውረጂ እንጂ፤ ቤቱን እኔ አይልሻለሁ» አልሽኝ። ይኼን ስጽፍ ጥፋቴን ላንቺ ማካፈሌ አይደለም። ውሸቴን ስጀምረው አንቺ በደግነትሽ ጨረስሽልኝ ለማለት ነው።

ለምን አደረግሽው ትዪኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ በየክረምቱ ውኃው ሲገባ ዕቃዬን ቆጥ ላይ እሰቅላለሁ፣ ሲወጣ አወርዳለሁ። ለለቅሶ ተጠርቻለሁ፣ ለሰርግ ተጠርቻለሁ፣ ለአረም ተጠርቻለሁ። «ያቺን ሴትዮ አምጡልኝ» ብሎ የጠራኝ ግን ማንም የለም። ያን ቀንም የተጠራሁት እኔ አልነበርኩም። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ስለነበረ ብቻ ለእኔ መሰለኝ።

ፋብሪካው ስደርስ አቶ ታደለ አየት አደረገኝና «አንቺ ነሽ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

የመጀመሪያዋን ሳምንት ሩዙ መቼ እንደሚነሳ ሳላውቅ ሰነበትኩ። ከዚያ ያንቺን ነገር አስታወስኩ። ሸራው ላይ የተሰጣውን ፍሬ አንስተሽ በጥርስሽ ነክሰሽ፣ ከለሰለሰ «ገና ነው»፣ ከተሰነጠቀ «አለፈው» ስትዪ ስንት ዓመት አይቼሻለሁ። እኔ ስነክስ መጀመሪያ ሁሉም አንድ ሆነብኝ። ሰኔ ላይ የኔ ሩዝ የተሰበረው ለካ ለመንከስ ትዕግሥት ስለሌለኝ ነው። ነከስኩ፣ ተፋሁ፣ ነከስኩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሩዙ ሙሉ ሙሉውን ወጣ። አሁን አሥራ አራት ሴቶች ከእኔ በታች አሉ፣ እትዬ ይሉኛል። ነጭ ጋውን አለኝ። አንዷ ንግሥቲ የምትባል ቀልደኛ «እትዬ፣ ጥርስዎ ካለቀ ፋብሪካው ይዘጋል» ትለኛለች። አበልጄ፣ የሚያሳፍረኝን ልንገርሽ፦ ሥራውን ወደድኩት። ባልወደው ኖሮ ሮጬ መጥቼ እግርሽ ላይ እወድቅ ነበር። ጠዋት ስነሳ የባሕሩ ንፋስ ይናፍቀኛል፣ የቀረሶው ዓሣ ሽታ ሳይቀር ይናፍቀኛል፣ ያንቺ ሳቅ ይናፍቀኛል፤ ጋውኔን ስለብስ ግን ደስ ይለኛል። ሁለቱ አንድ ደረት ውስጥ እንዴት እንደሚያድሩ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ይርዳውን አገኘሁት። ጋውኑን አውልቄ ስለነበረ አልጠረጠረም። «እንዴ፣ ቆመሽ ሄድሽ እኮ! ውኃው ሠርቷል ማለት ነው» ብሎ አቀፈኝ። ከዚያ ማውራት ጀመረ፤ ይርዳው ሲያወራ ታውቂዋለሽ፣ ትንፋሽ አይሰጥም። ሩዜን በጅጌ ተሰብስባችሁ አጭዳችሁ፣ ወቅታችሁ፣ ጎታዬ ውስጥ እንደከተታችሁልኝ ነገረኝ። «የታመመ ሰው ማሳ መጀመሪያ ይታጨዳል ብለን የራሳችንን ትተን ካንቺ ጀመርን» አለኝ። ቄስ ኪዳነ ማርያም በየእሁዱ ስለ ሕሙማን ሲጸልዩ የክርስትና ስሜን እንደሚጠሩ ነገረኝ። የጥቅምት የጊዮርጊስ ማኅበር ተራዬን አንቺ ቤት እንዳወጣሽልኝ፣ ጠላውንም ዳቦውንም በስሜ እንዳደረግሽ ነገረኝ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ብዬ ቆምኩ።

ከዚያ የመጨረሻውን ነገረኝ። «አበልጅሽማ ወንዛዬ ድረስ ስንቅ ይዛልሽ መጥታ አይታሽ የለ። ስትመለስ ጠየቅናት። ‹ቀለል ብሏታል፣ ግን ገና ናት፣ አትቸኩሉባት› አለችን» አለኝ።

«አዎ፣ መጥታ ነበር» አልኩት።

አበልጄ፣ ወንዛዬ ሄደሽ አላገኘሽኝም። በየመታጠቢያው እየዞርሽ ስሜን ስትጠሪ፣ እንዲህ ያለች ሴት አይታችኋል ወይ ስትዪ ይታየኛል። ከኅዳር ሚካኤል በፊት የፋብሪካው ዘበኛ የነገረኝም ነገር አለ። አንዲት ሴት ከእግር እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሳ በሩ ላይ መጥታ «እዚህ ሩዝ የምትቀቅለው ማናት?» ብላ ጠየቀችው። የእኔን ስም ነገራት። «ደህና ናት?» አለችው። «ምን ትሆናለች፣ አለቃ ሆናለች» አላት። ድንጋዩ ላይ ትንሽ ተቀመጠች፣ ልጥራልሽ ቢላት እንቢ አለች፣ የያዘችውን ዳቦ ለእሱ ሰጥታው ሄደች። ዳቦው ጥሩ ነበር አለኝ። ያን ጊዜ መንገደኛ መስላኝ አልፌው ነበር። ማን እንደነበረች አልጠይቅሽም።

ሰኞ ዕለት አቶ ታደለ ቢሮ ገብቼ የተጠራችው ሌላ ሴት እንደነበረች ነገርኩት። ያባርረኛል ብዬ ጋውኑን አጣጥፌ ይዤ ነበር የገባሁት። ቀና ብሎ አየኝና «ሩዙ ተሰበረ?» አለኝ። አልተሰበረም አልኩት። «እንግዲያ የእናንተን ነገር እናንተ ጨርሱ፣ እኔ የቀጠርኩት እጅ ነው» አለኝ። ከጥምቀት በኋላ ባሕር ዳር አዲስ ወደሚከፍቱት ፋብሪካ ሊልከኝ ነው፤ «እዚያ የምታሠለጥኚው አንቺ ነሽ» ብሎኛል። የወረታው ቦታ ክፍት ይሆናል፤ «ያቺ ሴትዮ ካለች ትምጣ» አለኝ። ይኼን ልጻፍልሽ ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ ካሳ እንዳይመስልሽ። ካሳ አይደለም። ያንቺን የወሰድኩት አልተመለሰም፤ እኔ ወደ ላይ ስወጣ የተረፈውን ነው የምነግርሽ። መምጣት አለመምጣቱን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ባሕር ዳር አልሄድም ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። እሄዳለሁ።

ግን ከመሄዴ በፊት በዚህ በሃያ ሦስት ማኅበሩ ሲሰበሰብ እመጣለሁ። ሳላነክስ ነው የምመጣው። ቄስ ኪዳነ ማርያም ባሉበት ተነስቼ እናገራለሁ፤ ከስልኩ ጀምሬ እስከ ይርዳው ድረስ። ላጨዱልኝ፣ ለወቁልኝ፣ በጸሎት ስሜን ለጠሩልኝ ሁሉ እነግራለሁ። ከማኅበሩ ካስወጡኝ እወጣለሁ። ያቺ የማኅበር ቦታዬ ስትቀር አገር የሚባል እንደማይተርፈኝ አውቃለሁ፤ ባሕር ዳር ብሞት አጥንቴን ወደዚያ የሚያመጡልኝ እነሱ ናቸው እንጂ ፋብሪካ አይደለም። ቢሆንም እናገራለሁ። እስከዚያ ለቄሱ አንድ ነገር ብቻ አድርሺልኝ፦ የእኔን ስም ከሕሙማኑ መካከል እንዳይጠሩ። በእውነት የታመመ ሰው ተራ እየወሰድኩ ነው።

አንቺን የምለምንሽ ደግሞ አንድ ነገር ነው። እኔ ቆሜ ስናገር አንቺ ዝም በዪ። አውቅሻለሁ። «ኧረ እሷማ አማክራኝ ነው የሄደችው፣ እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት» ትያለሽ፤ አንዴ ከጀመርሽ ደግሞ ማን ያስቆምሻል። እንዳትዪው። እኔ ለራሴ ብዬ ዋሸሁ። አንቺ ውሸት የማታውቂዋ፣ በእኔ ምክንያት በሰው ፊት፣ በቄስ ፊት ዋሸሽ። ሁለተኛ አላስዋሽሽም። ብትቆጪ ቆይተሽ ለብቻችን ተቆጪኝ፣ ብታለቅሺም ለብቻችን። እዚያ ግን ተቀምጠሽ ስሚኝ፤ ፊትሽን ወደ እኔ ማዞር ካቃተሽም ወደ በሩ አዙሪው፣ አልቀየምሽም።

ቸሩ ጊዮርጊስ ቤትሽን ይጠብቅልሽ። ርብ በሩቁ አልፎሽ ይፍሰስ፣ ላምሽ ትውለድ፣ ወገብሽ ይጽና። ክርስትና ያነሳሻት ልጄ እየሩስ በስልክ ሰላምታ ታቀርብልሻለች፤ እሷ ምንም አታውቅም፣ በእኔ አትፍረጂባት። እስከ ሃያ ሦስት ድረስ በሰላም ያቆይሽ፣ እኔንም ፊትሽን ለማየት ያብቃኝ።

አበልጄ ብለሽ መጥራትሽን ካልተውሽ፣

አበልጅሽ