ለማክሰኞ የሚሆን መድኃኒት

ሐሙስ፣ ሰኔ 1 ቀን 1998

«እህትሽ ክፍል የምትመጣው ለመተኛት ነው» አሉኝ የክፍሏ መምህር። ተማሪ ሁሉ በሚያልፍበት በር ላይ። ፊቴ ጋለ።

ጥሩዬ? አገር ቤት ከአንደኝነት ወርዳ የማታውቅ ልጅ! እኔ ፍኖተ ሰላም ቴክኒክ ስገባ እሷም ስምንተኛን እዚሁ ትማር ተብሎ አብረን መጣን። አንድ ቤት ተከራይተን በአንድ አልጋ እናድራለን። ማታ መጽሐፍ እንደምትገልጥ አያለሁ። ቅጠሉ ሳይገለበጥ ራሷ ዘንበል ይላል።

መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከተማው አበላሽቷት እንዳይሆን፣ ተከታተያት» አሉ። ለደግ ነው ያሉት።

ሚኒስትሪ ማክሰኞ ይጀምራል።

ከሰዓት ቤት ስጠርግ ከአልጋው በኩል ያለው ግድግዳ ተቦርቡሮ አገኘሁት። አይጥ መሰለኝ። ለካ በጣት የተፋቀ ነው። ምንድን ነው ብላት አለቀሰች። «እታለም፣ አፈሩ ያምረኛል። ለሰው እንዳትነግሪብኝ።»

አፈር የሚያምራት ነፍሰ ጡር ናት ሲባል ሰምቻለሁ። የመምህሩ ነገር ትዝ ሲለኝ ጠየቅኋት። «ኧረ በማርያም!» ብላ ፊቷን አዞረች። አመንኳት። ታዲያ ምን ነካት?

ዓርብ

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ልቤን ይመታኛል እያለች መንገዱ ላይ ደጋግማ ተቀመጠች። ሰው ያየናል።

ሲስተሯ የታችኛውን የዐይኗን ቆብ ሳብ አድርጋ አሳየችኝ። ቀይ መሆን የነበረበት ነጭ ሆኗል። ሰገራ ተመረመረ። የመንጠቆ ትል ነው። በባዶ እግር ገብቶ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል አለች። እኛ የበርበሬ ማሳ ውኃ ስናጠጣ፣ ጭቃው ውስጥ በባዶ እግራችን ነው ያደግነው። እኔን ምነው ተወኝ?

«ይቺ ልጅ ሰነፍ አይደለችም። ደም አንሷት ነው። ትምህርትም እኮ በደም ነው» አለች። የትሉን መድኃኒት እዚያው ዋጠች። የደሙ ክኒን ግን ለወራት የሚወሰድ ነው። እንቁላል፣ ጉበት፣ ጎመን ትብላ ተባለ።

«ፈተናዋ ማክሰኞ ነው» አልኳት።

«እህቴ፣ ለማክሰኞ የሚሆን መድኃኒት የለኝም።»

ተመልሼ ለመምህሩ ነገርኳቸው። ጠመኔውን በጣታቸው እያሹ፣ «እንዲህ ሆነው እኔ ሰነፍ ያልኳቸው ስንት ይሆኑ?» አሉ። ሰዓት ይጨመርላት ብዬ ለመንኳቸው። «ፈተናው የክልል ነው፤ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?» እውነታቸውን ነው።

ቅዳሜ

አባባ ስንቅ ይዘው ከአገር ቤት መጡ። ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ። ጥሩዬን ሲያዩ የያዙትን ሳያስቀምጡ ቆመው ቀሩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። «ደም የሌላት ልጅ ምኑን ትፈተናለች? ይዣት ልግባ። ከርሞ ትደርስበታለች» አሉ።

ከርሞ! ከመንደራችን ከርሞ ተብላ የተመለሰች ሴት ልጅ አላውቅም። አባባን ግን በምን አፌ?

ጥሩዬ ከተኛችበት ሳትነሳ «አባባ፣ አይውሰዱኝ። ተፈትኜ ልሙት» አለች።

ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወጡ። የሄዱ መስሎኝ ነበር። ሲመለሱ በፌስታል እንቁላል ይዘዋል። እኛ ቤት እንቁላል ይሸጣል እንጂ አይገዛም። ስለ መሄድ ዳግም አላነሱም። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

እሑድ፣ ጰራቅሊጦስ

እንቁላል ቀቀልኩላት፤ በላች። ከዚያ «ነገ የሐዋርያት ጾም ይገባል። ከነገ ጀምሮ አልበላም» አትልም! ፈተናውን እንዳልፍ ብላ ጾሙን ልትጾም ለእመቤታችን ተስላለች።

«እሱማ የቄስ ጾም አይደል?» አሉ አባባ። አይሆንም አለች። ቤተ ክርስቲያን ይዘናት ሄድን። ቄሱ በእርጋታ ሰሟት። «ልጄ፣ በሽተኛ ጾም የለበትም። ስለትሽን ሲሻልሽ ታደርሽዋለሽ» አሏት። መስቀል ተሳለመች።

ደጁን እንደወጣን በጆሮዬ «የተሳልኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው አይደሉም» አለችኝ። በጥፊ ልላት ደረስኩ። ደግሞ ቀናሁባት። እኔ እንዲህ አጥብቄ የያዝኩት ነገር አለኝ?

አባባ ሳይመሽባቸው ሄዱ። ሲሰናበቱን እኔን እንጂ እሷን ማየት አልቻሉም።

ሰኞ

ክኒኑ ሆዷን አገላበጠው። እንቁላሉን አልነካችም። ጎመን አበዛሁላት። እኔም ከትምህርት ቀረሁ።

ሳይንስ ሳነብላት ዐይኗን ጨፍና ትሰማለች። ቀይ የደም ሕዋስ ምን ይሠራል? «ኦክስጂን ያደርሳል» አለች ቶሎ። ቀጥላ «የኔው መንገድ ላይ ተቀምጧል» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል። አብሬያት ስቄ፣ እንባዬን እንዳታይ ወጣሁ።

ለነገ፦ እርሳስ፣ ላጲስ፣ የመፈተኛ ካርድ፣ ውኃ። ጫማ እንዳትረሳ።

ማክሰኞ

ደግፌ አደረስኳት። መምህሩ መስኮት አጠገብ እንድትቀመጥ ፈታኙን ለመኑላት። የቻሉት ይህን ነው። እኔ በካፊያው ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ተማሪው ግር ብሎ ወጣ። አሁንም አሁንም ይወጣል። እሷ የለችም። በመጨረሻ ግድግዳውን ይዛ መጣች።

«ሳይንሱን ሠርቻለሁ፣ እታለም። ሒሳቡ ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ትንሽ ልረፍ ብዬ ራሴን ዴስኩ ላይ አደረግሁ። ቀና ስል እየሰበሰቡ ነው።»

«ስንት ቀረሽ?»

«አትጠይቂኝ።»

አልጠየቅኋትም። ቤት ስንገባ ሳትጠይቀኝ እንቁላሉን ልጣ በላች። ስለ ስለቷ እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁ። የማለፍ ተስፋዋን ቆርጣ እንዳይሆን ፈርቼ ነው።

ነገ አማርኛና እንግሊዝኛ ቀርቷታል። «ትንሽ ልተኛና አስነሺኝ፤ ሰዋስው እንከልሳለን» ብላ ጋደም አለች። ትንሽ ካለችው አልፏል። ገና ብርሃን ነው፤ ብታነብ ይታያታል። መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ ትንፋሿን እሰማለሁ። ካነሳኋት ደክማ ትገባለች፤ ካላነሳኋት ሳታጠና።

ሁለት ጊዜ እጄን ዘርግቼ መለስኩ። እስካሁን አላስነሳኋትም።