ዝናሽን ሥርዓት ስላስተማሩልን

ለተከበሩ አቶ ፋሲል፣ የሕፃናት ምስክሮችን ቃል መርምረው ለችሎት አስተያየት ለሚሰጡት የሥነ ልቡና ባለሙያ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የደብረ ታቦር ብርድ ሰሞኑን ጨክኗልና እርስዎን እንዳይነካዎት እጸልያለሁ። እኛም፣ እግዜር ይመስገን፣ በራችንን ቀርቅረን እንውላለን።

እኔ ትርንጎ ይርጋ እባላለሁ፤ ባለፈው መስከረም ጋፋት ላይ በገዛ ደጇ የተገደለችው የፈንታነሽ እኅት ነኝ። መርዶው ሲደርሰኝ ቤሩት የምሠራበትን ቤት ጥዬ መጣሁ። ገዳዩን ያየችው የዘጠኝ ዓመት ልጇ ዝናሽ ብቻ ናት፤ አየሁት ያለችውም ቀድሞ የሞተው አባቷ ታላቅ ወንድም የሆነውን ደምሴን ነው። እርስዎ ዘንድ ቀርባ ስለተደረገላት መስተንግዶ በአደባባይ ላመሰግንዎት ወደድኩ።

አንደኛ፣ ስለ ሥርዓት። ደምሴ በፖሊስ ታጅቦ ከቢሮዎ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሳለ ልጅቱ ዝም ብላ ብታልፈው፣ ምንም ቢሆን አጎትሽ ነው፣ ታላቅ ሰው እንዲህ አይታለፍም ብለው መልሰው ጉልበቱን አሳሟት። እሱም እንደ ወጉ እደጊ ብሎ መረቃት። ወይ ጉድ! እናቷ ይህን ሳታይ መሞቷ በጃት።

ሁለተኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። ማን እንደመታ ስትነግርዎት፣ እስቲ ደግመሽ አስቢ እያሉ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ያንኑ ጠየቋት፤ የእናቷንም አወዳደቅ ወለል ላይ ተጋድማ እንድታሳይዎት አዘዟት። በመጨረሻ አላየሁም አለች። ምን ታድርግ፣ ወደ ቤቷ እንዲለቋት እኮ ነው! እርስዎም ቃሏ ይለዋወጣል፣ አክስቷ አስጠንታታለች፣ ደግሞም ስለ እናቷ ስትናገር አላለቀሰችም ብለው ጻፉ። ደረት እየተደቃ በሚለቀስበት አገር ዝም ያለ ልጅ ያላዘነ ሊመስል ይችላል፤ እርስዎ ግን ይህንኑ ሊለዩ አይደል እንዴ የተማሩት?

መዝገቡ በማስረጃ እጦት ተዘጋ፤ ደምሴም ተለቀቀ። አጥሩ ከአጥራችን የተያያዘ ነው። ጠዋት ጠዋት እንጨት ሲፈልጥ ዝናሽ አልጋ ሥር ትገባለች፤ እኔንም ማናገር ትታለች። አንጀቴ አርሯል አቶ ፋሲል፤ ፈርቻለሁም። የቀረችኝ ነፍስ እሷ ብቻ ናትና፣ የጻፉትን ዳግም መርምረው እንዲያርሙልኝ ከእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ።

ልጆችዎ እርስዎን በመሰለ ባለሙያ ሳይጠየቁ እንዲያድጉልዎት ከልቧ የምትመኝ፣
አክባሪዎ ትርንጎ ይርጋ

የተረሳ ነገር፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው የአባቷ ወገን ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ልጅ ታስጠናለች ተብሎ በባለሙያ የተመሰከረባት ሴት ወላጅ አልባ ልታሳድግ አይገባትም፣ ዝናሽ ከአባቷ በኩል ቅርብ ዘመዷ ቤት ትደግ ብለው ወስነዋል። እንኳን ደስ ያለዎት፣ ቃልዎ ተሰምቷል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደምሴ መጥቶ ይወስዳታል።