ሐሙስ በጊዜ ተነሺ

በድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ላለኸው ወንድሜ ለታዲዮስ፣ የናፍቆት ሰላምታዬ ከቀራንዮ ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬንም ጉልበቷን ተሽሏታል። የምጽፍልህ በጎረቤታችን በአልፊያ ስልክ ነው፤ የእኔን አባባ «ላሠራልሽ» ብለው ወደ ጋራዣቸው ወስደውታል።

ሥዕሌን «ጊዜ ማባከን» ማለትም ትተዋል። እሁድ ፍራሼ ስር የደበቅኩትን የሥዕል ደብተር አገኙት። ተኝተው ሳሉ እሳቸውን የሣልኩበትን ገጽ ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ሳይቆጡ ደብተሩን ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። መታወቂያዬም ከቁም ሳጥኑ የለም። እማዬን ብጠይቃት «እኔ ምን አውቄ» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

የሥዕል ትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና ሐሙስ ነው። ከአንተ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ዛሬ ቁርስ ላይ ግን አባባ «ሐሙስ በጊዜ ተነሺ፤ የምወስድሽ እኔ ነኝ» አሉኝ።

«ወዴት?» አልኳቸው።

«ስንደርስ ታያለሽ» አሉና ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ። ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

ታዲ፣ ስለ ፈተናው የነገርካቸው አንተ ነህ? ነኝ ብትለኝ ደስ ይለኛል፤ ካልሆንክ ግን ሐሙስ ወዴት ሊወስዱኝ እንደሆነ አላውቅም።

እማዬ ሰላም ብላሃለች። አምላክ ጤናህን ይስጥልኝ። መልስህ ብቻ ከሐሙስ በፊት ይድረሰኝ።

እህትህ ጥሩብርሃን